ዋናውና ግልባጩ



መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። የትምህርት ማስረጃም ይሁን የልደት ምስክር ወረቀት ፎቶ ኮፒው ብቻውን ዋጋ የለውም። «ዋናውን ይዘሃል?» ይባላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመሳከራሉ፤ ማኅተም የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። ዋናው ቢደበዝዝ፣ ጠርዙም ቢቀደድ፣ ግልባጩ ደግሞ ጥርት ብሎ ቢወጣ እንኳ የሚታመነው ዋናው ነው። ለወረቀት ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ዛሬ ሰው ራሱ ይገለበጣል የሚባልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። የአንድ ሰው ድምፅ፣ መልክ፣ አነጋገር፣ ቀልድና ትዝታ ተሰብስቦ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቱ ከሞተ በኋላም እንደ እርሱ ሆኖ ይናገራል፣ ይመልሳል፣ ይመክራል። ታዲያ ይህን ግልባጭ ከየትኛው ዋና ጋር እናመሳክረዋለን? ለትክክለኛነቱስ ማን ይመሰክራል?

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። ወደ እኛም ቤት ገብቶ ቤተሰባችንን ሲያነጋግር ከርሟል። ያየነውንና ያሰብነውን ለአንባብያን ማካፈል የወደድነውም ለዚህ ነው።

ሶፊያ በአዲስ አበባ

ብዙዎቻችን እንደምናስታውሰው በሰኔ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ሶፊያ የተባለች ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። የሠራት መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ያደረገው ሀንሰን ሮቦቲክስ ነው። በውስጧ ባለው ፕሮግራም ላይ ከሠሩት መካከል ግን እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ይገኙበታል። አማርኛ እንድትናገር መዘጋጀቷ ተነግሮ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም አግኝተዋታል። የአካል ክፍሎቿን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ መጥፋቱ በዜና ሲሰማም ብዙ ሰው ስቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ሳዑዲ ዐረቢያ ለሶፊያ ዜግነት መስጠቷ ሪያድ ላይ ተነግሮ ነበር። እኅቶቻችን ለዓመታት በሰው ቤት ደክመው የመኖሪያ ወረቀት ባጡበት አገር ወገብ የማያመው፣ እናት የማይናፍቀው ዕቃ ዜጋ ተባለ። ያኔ ዜናውን የሰማነው እንደ ቀልድ ነበር። ነገር ግን «ሰው መሆን ማለት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያው ጋር አብሮ መጥቷል።

ሶፊያ የአንድን ሰው ትዝታና ጠባይ የያዘች አይደለችም። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የሠራት ቢና 48 ግን እንደዚያ ናት። ቴራሰም የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ባቀረበው ጥያቄ፣ በሕይወት ያለች ቢና ሮዝብላት የምትባል ሴት ለብዙ ሰዓታት የተናገረችው ትዝታ፣ እምነትና ሐሳብ ተሰብስቦ ከትከሻ በላይ ባለ ሮቦት ውስጥ ተቀመጠ። የድርጅቱ ሰዎች ተስፋ የሚያደርጉት የሰው ማንነት እንደ ፋይል ተጠብቆ አንድ ቀን በሌላ አካል እንዲቀጥል ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ረከሰ፤ ቀለለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሞስኮ ውስጥ ሮማን ማዙሬንኮ የተባለ ወጣት በመኪና አደጋ ሲሞት ጓደኛው ዩጄኒያ ኩይዳ የጻፋቸውን በሺህ የሚቆጠሩ መልእክቶች ሰብስባ እንደ እርሱ የሚመልስ ፕሮግራም አሠራች። ከወዳጆቹ የተጽናኑ ነበሩ፤ ፈጽሞ አናየውም ያሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ቴሌቪዥን አንዲት እናት በሰባት ዓመቷ የሞተችባትን ልጇን በኮምፒውተር በተሠራ ምስል «ስታገኛት» አሳየ። እናቲቱ እጇን ዘርግታ የምትዳስሰው አየር ነበር። በ2022 አማዞን የተባለው ኩባንያ የቤት ውስጥ መሣሪያው በአያት ድምፅ ለልጅ ተረት ሲያነብ በጉባኤ ላይ አቀረበ። በማግስቱ ዓመት ማይክሮሶፍት የሦስት ሰከንድ ድምፅ ብቻ ሰምቶ ያንን ድምፅ የሚያስመስል ፕሮግራም ይፋ አደረገ።

የአያታችን ካሴቶች

ወላጆቻችን የመጡት ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከቀየት ነው። አገሩ ብርድ ነው፤ የገብስና የበግ አገር፣ ሰው በባና ተጠቅልሎ የሚያድርበት። አያታችን (አላህ ይዘንላቸውና) ሱፍ ሲፈትሉ ውለው ማታ በኩራዝ ብርሃን ዚክር የሚያደርጉ ሴት ነበሩ። ታናሽ ልጃቸው፣ አክስታችን፣ በ1984 ዓ.ም. እናቷን ሳትሰናበት ተነሥታ ጅዳ ገባች። «ብነግራት አትለቀኝም» ብላ ነው። በዚያ ዘመን በመንደሩ ስልክ የለም፤ አያታችንም አይጽፉም። ስለዚህ እንደ ብዙ ቤተሰብ ሁሉ በካሴት ይነጋገሩ ነበር። ከጎረቤት ቴፕ ይለመናል፣ ባትሪ ድንጋይ ይገዛል፣ አያታችን ይናገራሉ፣ ካሴቱ በመንገደኛ እጅ ይላካል። አያታችን በ1991 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄዱ። አክስታችን ለቀብር መድረስ አልቻለችም። በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ እርሷም ተመለሰች፤ ካሴቶቹን በሻንጣዋ ሥር አድርጋ።

ከወንድማችን ልጆች አንዱ የኮምፒውተር ትምህርት ተማሪ ነው። ካሴቶቹን ከማለቃቸው በፊት ወደ ኮምፒውተር እንዲያስገባቸው ሰጠነው፤ ጥሩ አደረገ። ጩኸቱን አጠራ፣ የሰለለውን ድምፅ ከፍ አደረገ። ከዚያ ግን አንድ ቀን ሁላችንም በተሰበሰብንበት ስልኩን ከፈተና አያታችንን አናገራቸው። «እማማ፣ እንደምን አሉ?» ሲል በራሳቸው ድምፅ፣ በዚያው በሚጎትተው የመንዝ አነጋገር «አልሐምዱ ሊላህ ልጄ» ብለው መለሱለት። ቤቱ ጸጥ አለ። ትንንሾቹ ሳቁ፤ ትልልቆቹ አለቀስን።

አክስታችን ዓይኗን ጠርጋ አንድ ነገር ለመነች። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ‹ልጄ ዐውፍ ብዬሻለሁ› ትበለኝ» አለች። ሳትሰናበት የሄደችበት ቀን ሠላሳ ዓመት አልፎትም ከሆዷ አልወጣም ነበር። ልጁ «ቀላል ነው፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» አለ። ዝም ብላ ስታዳምጥ የቆየችው እናታችን ግን «ቆይ ልጄ» አለችው። «ይህን ቃል የሚሰጣት ማነው? እናቴ ናት ወይስ አንተ ነህ?»

ልጁ መልስ አጣ። እኛም ያን ዕለት መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያስረዳን ጠየቅነውና በቅንነት አስረዳን። ድምፁ የእርሳቸው ነው፤ ለድምፅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ቃሉ ግን አይደለም። ሰባት ካሴት ቢበዛ የአምስት ሰዓት ንግግር ቢወጣው ነው፤ በአምስት ሰዓት ንግግር የሰው አስተሳሰብ አይማሩም። ስለዚህ ፕሮግራሙ የጎደለውን የሚሞላው ከዚያ በፊት ከተማረው የሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ነው። ያም ጽሑፍ አብዛኛው እንግሊዝኛ፣ አብዛኛው የከተሜ፣ አብዛኛው ቀየትን በስም እንኳ የማያውቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ይቀጥላል። በአጭሩ የአያታችን ጉሮሮ በማናውቃቸው ሚሊዮን ሰዎች ሐሳብ ይናገራል ማለት ነው።

በዚያ ላይ የአገራችንን ሰው አነጋገር አስቡት። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር መንዝ ላይ ተቀምጦ ያጠናውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያወጣ «ሰምና ወርቅ» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። የደጋ ሰው የሚለውና የሚያስበው አንድ አይሆንም። አያታችን በካሴቱ ላይ «እኛ ደኅና ነን» የሚሉት በታመሙበት ወቅት ጭምር ነው፤ ልጃቸው በሰው አገር እንዳትጨነቅ። አብሮ የኖረ ሰው ከሳላቸው፣ ከዝምታቸው ወርቁን ያገኘዋል። ኮምፒውተሩ የሚማረው ሰሙን ብቻ ነው። «ደኅና ነን» ካሉ ደኅና ናቸው።

ያልተላከው ካሴት

ልጁ ከካሴቶቹ መካከል ማንም ያልሰማው አንድ አገኘ። በ1990 ዓ.ም. የተቀዳ ነው። ሊወስደው የነበረው መንገደኛ ጉዞው ተቀድሞበት ስለሄደ ሳይላክ ከአያታችን ዕቃ ጋር ቀርቶ ነበር። ሁላችንም ቁጭ ብለን ሰማነው።

አያታችን የዐውፍ ነገር አላነሡም፤ የቂም ነገርም አላነሡም። ስለ በጎቹ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወሩ። ከዚያ «ልጄ፣ ማታ ማታ ብርዱ እንዴት ያደርግሻል? ባና ፈትዬ አሠርቼልሽ ነበር፤ የሚያደርስልኝ ሰው አጣሁ። እግርሽን ሸፈን አድርገሽ ተኚ» አሉ። ጅዳ ሌሊቱም ሐሩር መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ እዚህ ላይ ልቡ ይነካል። አያታችን ብርድ የሌለበት አገር በአሳባቸው መጥቶ አያውቅም። ልጁ ቀደም ሲል ፕሮግራሙን ስለ ጅዳ ጠይቆት ነበር፤ «ሙቀት ስለሆነ ውኃ አብዝተሽ ጠጪ» ብሎ መልሶለታል። ትክክለኛ ምክር ነው፤ የአያታችን ግን አይደለም። አክስታችን «ባና ልትልክልኝ የደከመች እናት ቂም አልያዘችብኝም» አለች። የፈለገችው ቃል በካሴቱ ላይ አልነበረም፤ እኛም አልጨመርንበትም።

በካሴቱ መጨረሻ ላይ ሌላ ነገር ተሰማ። አያታችን ከክርስቲያን ጎረቤታቸው ሁለት ቁና የዘር ገብስ ተበድረዋል። «ለመመለስ ቃል ገብቻለሁ፤ ካልደረስኩ እናንተ ታውቃላችሁ» ይላሉ። እናታችን ይህን ስትሰማ ብድግ አለች። «ይኸውላችሁ፣ እናቴ ይቺ ናት» አለች። አጎታችን ቀየት ወረደ። አበዳሪዋም ሞተዋል፤ ልጃቸው ግን አለ። ከሁለት ቁናው ላይ ጨምረን ብንሰጠው «እናቴ ሁለት አበደረች፣ ሦስት አልወስድም» ብሎ ሰፍሮ ሁለቱን ብቻ ተቀበለ፤ አያታችንንም ዐውፍ አለ። ይህኛው ዐውፍ ከባለ መብቱ ወራሽ አፍ የወጣ ነው።

ዕዳ ያለበት ማነው?

ከዚህ በኋላ ነው የእናታችን ጥያቄ የገባን። ሰውን ሰው የሚያደርገው አነጋገሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግልባጩ አያታችንን በሆነ ነበር። ነገር ግን ግልባጩ የሁለት ቁና ገብስ ዕዳ የለበትም። ቃል አልገባም፤ ቢዋሽ አይጠየቅም፤ ቢበደል አይከፋውም። የማይበደል ነገር ደግሞ ዐውፍ ማለት አይችልም። «ዐውፍ ብዬሻለሁ» የሚለውን ድምፅ ማውጣት ይችላል፤ ይቅርታውን ግን መስጠት አይችልም፤ መብቱ የእርሱ አይደለምና።

ዲናችን ስለ ሟች ያስተማረን ይህንኑ ያጠናክርልናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲመጣላቸው ባልደረቦቻቸው እንዲሰግዱበት ነግረው ራሳቸው ከመስገድ መቆጠባቸው፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ ባሉ ጊዜም መስገዳቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራ ያለው ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም የሚናገረው ነው። ስለ ሩሕ ሲጠየቁ ግን የተሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ጉዳዩ የጌታችን ነው፣ ለእኛ ከዕውቀት የተሰጠን ጥቂት ነው። በሱረቱ ያሲንም በዚያ ቀን አፎች እንደሚታተሙ፣ እጅና እግር በሠሩት እንደሚናገሩ ተነግሮናል። የሰው ማንነት የሚመዘነው በምላሱ ቅላጼ ሳይሆን በሠራው ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሙስሊሞች ደግሞ በቃል ጉዳይ ከሌላው በበለጠ ልንጠነቀቅ ይገባል። የሐዲስ ሊቃውንቶቻችን አንድን ቃል ለመቀበል ቃሉ ማማሩን ብቻ አልተመለከቱም። «ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን ሰማ?» እያሉ ኢስናዱን እስከ ባለቤቱ ድረስ ይከታተሉ ነበር። መልካም ምክር የያዘ ሆኖ ኢስናዱ ሐሰት ስለሆነ ብቻ የተጣለ ስንት አለ! ኮምፒውተሩ በሟች ስም የሚናገረው ቃል ኢስናድ የሌለው ቃል ነው። ያማረ፣ የሚያጽናና፣ ሟቹም ሊለው ይችል የነበረ ሊሆን ይችላል። አላለውም።

እንዲህ ስንል ዕውቀቱን መጥላታችን አይደለም። ያልተላከውን ካሴት የሰማነው ልጁ ባጠራው ድምፅ ነው። በሕመም ምክንያት ድምፃቸውን ሊያጡ የተቃረቡ ሰዎች አስቀድመው ቀድተው በኋላ በራሳቸው ድምፅ ከቤተሰባቸው ጋር የሚነጋገሩበት መሣሪያም አለ። እዚያ ቃሉ የባለቤቱ ነው፤ የጠፋውን ምላስ ብቻ መሣሪያው ተካለት። ልዩነቱን ልብ እንበል።

ለቤተሰብ የሚሆን

ከዚህ ተነሥተን በቤታችን የተስማማንበትን ለሚጠቅመው እናካፍል።

አንደኛ፣ አባትና እናት፣ አያትና አክስት በሕይወት ሳሉ ፈቃዳቸውን ጠይቀን ድምፃቸውን እንቅዳ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደጠየቃቸው እንጻፍበት። ዋናውን ሳንነካው እናስቀምጥ።

ሁለተኛ፣ ያላሉትን በአፋቸው አናስገባ። ለማጽናናትም፣ ለመምከርም፣ ልጅ ለማሳቅም ቢሆን። ዛሬ «ዐውፍ ብዬሻለሁ» ያሰኘነው ድምፅ ነገ በውርስ ክርክር ላይ «ቤቱ የእገሌ ነው» ሊባልበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዕዳችንንና አማናችንን ዛሬውኑ እንጻፍ። ኑዛዜ ሊያደርግበት የሚገባ ነገር ያለው ሙስሊም ሳይጽፈው ሁለት ሌሊት እንዳያሳልፍ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መክረዋል። ለልጆቻችን ከሚናገር ምስል ይልቅ የተጻፈ ዕዳ ይጠቅማቸዋል።

አራተኛ፣ በስልክ የምንሰማውን ድምፅ ሁሉ አንመን። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ እንደተሰማው ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የኩባንያ ሠራተኛ አለቆቹን በቪዲዮ ስብሰባ ያየ መስሎት 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ለአጭበርባሪዎች ልኳል። ዐረብ አገር ያለች እኅት «ታስሬያለሁ፣ ብር ላኩልኝ» ብትል ድምፁ የእርሷ ስለመሰለ ብቻ አንላክ። የቤተሰብ ብቻ የሆነ መለያ ቃል ይኑረን፤ ወይም ስልኩን ዘግተን በምናውቀው ቁጥር መልሰን እንደውል።

አምስተኛ፣ ወጣቶቻችን ይህን ሙያ ይማሩ። በገጠር በየሣጥኑ የሚያልቅ ካሴት፣ የሼኾቻችን ደርስ፣ የአባቶች መንዙማ የሚያድነው ሰው ይፈልጋል። የሰው ምስልና ድምፅ ማስመሰልን በተመለከተ ያለውን የሸሪዓ ብይን ግን ለዑለማዎቻችን እንተወው፤ እንጠይቃቸውም።

የሰው ልጅ ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ የማይቋረጡት ዘላቂ ሰደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ ብቻ እንደሆኑ ተምረናል። የወንድማችን ልጅ የሠራውን ፕሮግራም በራሱ ፈቃድ አጠፋው፤ የካሴቶቹን ዋና ድምፅ ግን ለሁላችንም አባዝቶ ሰጠን። አክስታችን በእናቷ ስም ለደረሶች ብርድ ልብስ ገዝታ ሰደቃ አወጣች። «እርሷ ባና ልትልክ ፈልጋ አልሆነላትም፤ እኔ ልላክላት» ብላ ነው።

ውድ አንባብያን፣ አላህ ለሞቱ ወላጆቻችን ይዘንላቸው፤ ዕዳቸውን ለመክፈል ያብቃን፤ በሕይወት ካሉት ጋር ዐውፍ ለመባባል ዛሬን አያሳልፍብን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።